ተሸናፊ ይነሳል

ዳማ ላይ ቀስ ብሎ የሚጫወት ሰው ያናድደኛል። ከአሁኑ ልናገረው፤ ኋላ የአማቱን ነገር ሲያወራ ጊዜ ለሰለሰ እንዳልባል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ ደግሞ ቀጠሮ አለበት። ኢድ ሲደርስ፣ ሠርግ ሲደርስ፣ ትምህርት ሲከፈት ሰው ሁሉ እኩል ይመጣብኛል። እግሬ መርገጫው ላይ፣ ዓይኔ መርፌው ላይ ሆኖ ነው የምውለው። እኔ እንዲህ እየተጣደፍኩ ከፊቴ አንድ ሰው አንዲት ቆርኪ ለመግፋት አገጩን ይዞ ሲቀመጥ ደሜ ይፈላል። ምን ላድርግ፣ ፈጣሪ እንዲህ አድርጎ ፈጠረኝ።

ሱቄ መካነ ሰላም ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ናት። አንድ ክፍል ብትሆንም በረንዳዋ ሰፊ ነው። ከስፌት መኪናዬ ማዶ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ከአግዳሚው ፊት የዳማ ሰሌዳ። ሰሌዳውን ከኮምፔርሳቶ ቆርጬ ያሰመርኩት እኔው ነኝ። ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ አንዱ ተጫዋች በፊታቸው፣ ሌላው በጀርባቸው ይደረድራቸዋል። ሕጉን የበረንዳው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የነካ ይጫወታል። ተሸናፊ ይነሳል፣ አሸናፊ እንደተቀመጠ ይቆያል፣ ከአግዳሚው ተራ የደረሰው ይገባል። ተመልካች አፉን ይዘጋል፤ ይህችኛዋን እንኳ እስከ ዛሬ ያከበራት የለም። መተራረብ ይፈቀዳል። «ና ብላ አንተ ርሃብተኛ»፣ «ሂድና ጥጃ ጠብቅ» ሳይባባሉ የተጫወቱት ዳማ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።

አዛን ሲል ደግሞ ጨዋታው ባለበት ይቆማል። ሰጋጁ ሰግዶ እስኪመለስ ክርስቲያኑ ተጋጣሚው ሰሌዳውን ይጠብቃል። ከሁሉ የሚጠብቀው አንድ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፣ ወጣት ነው፣ የከተማችን አንደኛ ተጫዋችም እሱ ነው። ነፋስ አንዲት ቆርኪ ቢያንከባልል ሮጦ ያነሳና ከነበረችበት ይመልሳታል። ከመስጊድ ተመልሶ ሰሌዳውን የመረመረ ሰው አላየሁም። እንደዚያ ነበር የምንተማመነው።

አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ የመጡት ከወግዲ ነው። የሚስቴ እናት ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ ብቻቸውን በዚያ ቤት ማደር አቃታቸው። ሚስቴ ሄዳ ይዛቸው መጣች። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከብት ነጋዴ ነበሩ። አንድ በሬ ለመግዛት ከጠዋት እስከ ቀትር ጥርሱን፣ ሰኮናውን፣ አረማመዱን የሚያዩ ሰው ነበሩ አሉ። እኛ ቤት ግን ምን ያያሉ? ሚስቴ ሥራ ትሄዳለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ግድግዳ ሲያዩ ውለው ግድግዳ ሲያዩ ያመሻሉ። አንጀቴን በሉት። «አባ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ አለ፣ ሰውም አለ፣ እንሂድ» ብዬ ያመጣኋቸው እኔው ነኝ።

ዳማ ይችላሉ። ግን ቀስታቸው! ወላሂ፣ ቀስታ አይቻለሁ፣ እንደሳቸው ግን አላየሁም። ሰሌዳውን በግራ ያዩታል፣ ጎንበስ ብለው በቀኝ ያዩታል፣ ጢማቸውን ይደባብሳሉ፣ ጣታቸውን ወደ ቆርኪው ይልኩና መልሰው ይሰበስባሉ። ከዚያ አንድ የድሮ በሬ ትዝ ይላቸዋል። የበሬውን ታሪክ ከነሻጩ፣ ከነሻጩ ጎረቤት አውርተው እስኪጨርሱ እኔ አንድ ሱሪ ሰፍቼ እዘመዝማለሁ። አንድ ባጃጅ ሹፌር አለ፣ አፉ የማያርፍ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ላጽናናው ብል፣ ይህኛው እንቁላል ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ታርዶ ተበልቶም አልቋል አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት። አማት ፊት ጥርስ አይታይም።

ነገሩ የተበላሸው በቀስታቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ። የተበላሸው በእኛ ነው። በመጀመሪያ በተቀመጡበት ቀን ከአስተማሪው ጋር ገጠሙ። አስተማሪው በአንድ ዓይኑ ጋዜጣ እያነበበ ሊያሸንፋቸው ይችል ነበር። ሐዘንተኛ ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እንግዳ ናቸው ብሎ ጨዋታውን ለቀቀላቸው። እሺ፣ ጥሩ፣ አንድ ቀን ነው፣ አልኩ በልቤ። ቀጥሎ የገባው ባጃጅ ሹፌሩ ነው፣ እሱም ለቀቀ። አስተማሪው ያከበራቸውን ሽማግሌ እኔ ልጣላቸው እንዴ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ። ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ አራተኛው። በመጨረሻ ተራው ለእኔ ደረሰ። እኔማ አማች ነኝ፣ በእኛ አገር አማች ከአማቱ ፊት ቀና ብሎም አይሄድ። ለቀቅኩ። ሰውየው አንድም ቀን አልተሸነፉም። ያልተሸነፈ ደግሞ አይነሳም።

እንግዲህ አስቡት። ከጠዋቱ ፀሐይ እስከ ከሰዓቱ የአስር ሰላት አንድ ሰው ከወንበሩ አይነሳም። ፊት ለፊት የሚገባው ሰው ለመሸነፍ ነው የሚገባው፣ እሱንም በቶሎ አይሸኙትም። አግዳሚው ላይ የተደረደረው ሰው ያዛጋል። የሚተርብ ጠፋ፣ የሚስቅ ጠፋ። እሳቸው በተጫወቱ ቁጥር «ማሻአላህ አባ»፣ «አይ እጅ!» ይባላል። ሲነሱ ለሰላት ብቻ ነው። ሲመለሱ አስተማሪው ሰሌዳውን እንደወትሮው ጠብቆ ይቆያቸዋል። አንዲት ቆርኪ የማይሰርቅ ሰው ጨዋታውን በሙሉ ሰርቆ ተቀምጦ ሰሌዳዋን እንደዚያ ሲንከባከብ ሳይ ልቤ ይደማ ነበር።

ሰው መናኸሪያው ጋ ወዳለው ሌላ የዳማ ሰሌዳ መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ጨርቅ ልገዛ ስወጣ ባጃጅ ሹፌሩ ከጓደኛው ጋር ሲያወራ ሰማሁት። አማቴን «ቋሚ ንብረት» ብለዋቸዋል። ቋሚ ንብረት ዛሬም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም ወይ፣ ይላል አንዱ፤ ሌላው ይስቃል። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ሜትሬን አንገቱ ላይ ጠምጥሜ ላንቀው ምንም አልቀረኝ። አንተ ባለጌ፣ ፊት ለፊት እጃቸውን ትስማለህ፣ ከኋላ ታላግጣለህ፣ ሁለተኛ በረንዳዬን እንዳትረግጥ አልኩት። ልጁ አልደነገጠም። ታዲያ አንተ ለምን አታስነሳቸውም፣ አንተ ቤት አይደል የሚበሉት፣ አለኝ። ጨርቄን እንኳ ሳልገዛ ተመለስኩ። እውነቱን መናገሩ ከስድቡ ይልቅ አቃጠለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ክር ሲበጠስብኝ ዋለ።

ኢድ ቀረበ። በኢድ ማግስት የወረኢሉ ተጫዋቾች ሚኒባስ ሞልተው ይመጣሉ። አንድ ዓመት እኛ እንሄዳለን፣ አንድ ዓመት እነሱ ይመጣሉ፣ የተለመደ ነው። ሽልማት የለውም፣ ወሬው ግን ዓመቱን ሙሉ ያስኬዳል። የከተማዋን ወንበር ይዞ የሚጠብቃቸው በዚያ ሰሞን ያልተሸነፈው ሰው ነው። በእኛ በረንዳ ያልተሸነፈው ሰው ማን እንደሆነ መቼም ታውቁታላችሁ።

ነገሩን ያነሱት አማቴ ራሳቸው ናቸው። በተጣጣፈ ኮት እንግዳ አልቀበልም፣ አዲስ ስፋልኝ አሉኝ። ስለካቸው ትከሻቸው ካሰብኩት በላይ መንምኗል፣ እሳቸው ግን እንደ ወጣት ቀጥ ብለው ቆሙልኝ። ሚስቴ ደስታዋን አልቻለችም። እናቴ ከሞተች ወዲህ አንድ ነገር አምጡልኝ ብሎ አያውቅም ነበር፣ ዛሬ ኮት ጠየቀ፣ እያለች ቁልፉን ራሷ ሄዳ መርጣ ገዛች። እኔ ጨርቁን ስቆርጥ እጄ ከበደኝ። ሁለት ከተማ በተሰበሰበበት የሚዋረዱበትን ልብስ ነው የምሰፋላቸው። ወረኢሎች ሽማግሌ ሊያከብሩ አይደለም የሚመጡት፣ ሊያሸንፉ ነው። ቆርኪያቸውን ጠራርገው በልተው ሕዝብ ፊት ያስነሷቸዋል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ማሻአላህ ውሸት እንደነበር አማቴ በአደባባይ ይረዳሉ።

አስተማሪው መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን እያሻሸ፣ ጋሼ፣ አንቱ ቢነግሯቸው ይሻላል፣ ወንበሩን ለኔ ቢለቁ፣ ለሳቸው ክብር ብዬ ነው፣ አለኝ። ለሳቸው ክብር! የያዝኩትን ካውያ አስቀመጥኩ፣ በእጄ ይዤው መናገር ፈራሁ። ጉድጓዱን አንተ ቆፈርክ፣ ሽማግሌውን አንተ ከተትክ፣ አሁን ገመድ ይዤ እኔ ልውረድ? አንተው ንገር፣ አልኩት። እኔስ እንዴት ልንገራቸው፣ በሃይማኖት የተለያየን ነን፣ ንቀት ይመስላል፣ አለ። ባጃጅ ሹፌሩም አፌን አላምነውም፣ አንተው ንገራቸው ብሎ ላከብኝ። ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እኛ አገር መድኃኒት የለውም።

ለሚስቴ ነገርኳት። የምላጩን ስለት ወደ ራሴ ማዞሬ ነበር። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ ተቆጣች። ተወው፣ ወረኢሎችም የሰው ልጆች ናቸው፣ እነሱም ያከብሩታል፣ አለች። አያከብሩም፣ አያውቋቸውም፣ አልኳት። እንግዲያው አባቴን ሰው ፊት ብታሳፍርብኝ ከአንተ ጋር ከአንድ ገበታ አልቀርብም፣ ብላኝ ተነሳች።

ሰው ፊት። እሺ፣ ሰው ፊት አላደርገውም አልኩ። በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት ስንመለስ፣ በረንዳው ላይ ወፍ ሳይኖር፣ ቆርኪውን ደረደርኩና «አባ፣ እስቲ አንድ ጊዜ» አልኳቸው። ዛሬስ ምን ነካህ፣ ሥራ የለህም፣ ብለው ቀለዱብኝና ተቀመጡ። ገጠምኳቸው፣ በእውነት ገጠምኳቸው። እንደ ልማዳቸው በግራ አዩት፣ በቀኝ አዩት፣ ገፉ። እኔ ወዲያው መለስኩ። ገፉ፣ በላሁ። ገፉ፣ ሁለት አከታትዬ በላሁ። የማደርገው ለሳቸው ብዬ ነው፣ ግን ውሸት አልናገርም፣ ያ ሁሉ ወር የታፈነ ንዴት በጣቴ ሲወጣ ታወቀኝ። ቆርኪዬን ጥግ አድርሼ ነገሥኩባቸው። ጨረስኳቸው።

አማቴ ሰሌዳው ላይ ባዶ የቀረውን ጎናቸውን አዩት።

«ከዚህ በፊትስ?» አሉኝ።

ቆርኪዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«አስተማሪውስ? ያ ባለ ባጃጁስ? ሁሉም?»

አንገቴን ደፋሁ፣ መልሱን ከአንገቴ አነበቡት። ከዘራቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። አልጮሁም። አልጮሁም እንጂ ያን ዓይነት ቁጣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«እኔ በሕይወቴ ሙሉ ከብት ሸጫለሁ» አሉ። «የታመመ በሬ ጤነኛ ነው ብሎ የሸጠን ሰው ገበያው ሌባ ይለዋል። እናንተ ለኔ የሸጣችሁልኝ ምንድነው?»

ለክብርዎ ብለን ነው ልል አፌን ከፈትኩ፣ እጃቸውን አነሱና ዘጉት። ለክብር ተብሎ ድል የሚሰጠው ለሕፃንና ለበሽተኛ ነው፣ እኔ የትኛው ነኝ፣ አሉኝ። ከዚያ ተሸናፊ ይነሳል ብለው ተነሱ። በዚያ በረንዳ ተሸንፈው ሲነሱ የመጀመሪያቸው ነው። ከደረጃው ሲወርዱ ልደግፋቸው ብል ክንዳቸውን ነጠቁኝ። ኮቱንስ ልተወው፣ አልኳቸው ከኋላ፣ እንደ ሞኝ። ጨርሰው፣ አሉ ሳይዞሩ።

እስከ ኢድ ድረስ እኔን አላናገሩኝም። አንድ ቤት እየበላን፣ ውሃ እያቀበልኳቸው፣ ቃል የለም። ሚስቴም ምን እንዳደረግኩ ስላወቀች ፊቷን አጠቆረችብኝ። በረንዳው ላይ ግን ደስታ ሆነ። ቋሚ ንብረቱ ተነሳ፣ ጨዋታው ፈጠነ፣ ትረባው ተመለሰ፣ ከመናኸሪያው ሁሉ ሰው መጣ። ባጃጅ ሹፌሩ ጀርባዬን መታ አድርጎ ጀግና ነህ አለኝ። ጀግና! በቅርጫት ያለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሁሉ አናቱ ላይ ደፋሁበት።

በኢድ ማግስት ወረኢሎች መጡ። በረንዳዬ ሞላ፣ ደረጃው ሞላ፣ መንገዱ ላይ ሰው ቆመ። ወንበሩን አስተማሪው ያዘ። ከወረኢሉ አንድ ወፍራም ሰውዬ ገባ፣ ድምፁ እስከ መስጊዱ ጓሮ የሚሰማ፣ እጁ መብረቅ የሆነ። አስተማሪውን ታግሎ ታግሎ አስነሳው። ቀጣዩንም አስነሳ፣ ባጃጅ ሹፌሩንማ ገና ሳይሞቀው አስነሳው። እኔ ልገባ ስል ሰዉ ከኋላ ተከፈለ። አማቴ በአዲሱ ኮት መጥተዋል።

ሁሉም ለሳቸው ቦታ ለመልቀቅ ተነሳ። እምቢ አሉ። ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ፣ ተራቸው እስኪደርስ ጠበቁ። እኔ ሄጄ በጆሮአቸው፣ አባ፣ ይቅርብዎ፣ ስለ አላህ፣ አልኳቸው። እንዳልሰማ ሰው አለፉኝ። እኔም ገብቼ ተሸንፌ ተነሳሁ፤ ተራቸው ሲደርስ ከሰውየው ፊት ተቀመጡ። እኔ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። መቀሴን ያዝኩ፣ ሥራ ያለኝ ለመምሰል።

ቀስታቸው አልተለወጠም። በግራ አዩ፣ በቀኝ አዩ፣ ጢማቸውን ደባበሱ። ሰውየው ጭኑን መታ መታ አደረገ። አማቴ ጣታቸውን ላኩ፣ መልሰው ሰበሰቡ።

«አባባ፣ ይንኩት እንጂ!» አለ ሰውየው። «ለቅሶ ተቀምጠናል እንዴ?»

ሰው ሁሉ ወደ አማቴ ዞረ። ሚስታቸውን የቀበሩ ሰው መሆናቸውን እኛ ሁላችን እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም። እኔ ማወቅ አለማወቁን ላስብ አልቻልኩም። ብድግ አልኩ፣ መቀሱ በእጄ ነው፣ አንተ ስድ፣ ከበረንዳዬ ውረድ ብዬ በሰው መሃል ዘለቅኩ። አስተማሪው ወገቤን ያዘኝ።

«ተቀመጥ» አሉ አማቴ። ዓይናቸውን ከሰሌዳው አላነሱም። ከዚያች ማለዳ በኋላ ለኔ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። «አንተ ስታሸንፈኝ ሰው እንዳያይ ደብቀህ ነው። እሱ የሚገጥመኝ በሰው ፊት ነው። እንዳትነካው።»

ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሩ። ለቅሶማ ለአንተ ነው የምቀመጠው፣ አፍህን ዘግተህ ጠብቅ፣ አሉትና ቆርኪዋን ገፉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፣ ሰውየውም አብሮ ሳቀ፣ ሳቁን ሳይጨርስ ሁለት በላባቸው። እሳቸው አንድ በሉበት፣ ርሃብተኛ ማነው አሁን፣ አሉት። ሰውየው ሦስት በላ። ብዙ አልቆየም፣ ጠራርጎ ጨረሳቸው። «ይነሱ አባባ፣ ይነሱ!» ብሎ ጮኸባቸው፣ በሁለቱ ከተማ ሰው ፊት።

ተነሱ። ፊታቸው ወዝቷል። ባጃጅ ሹፌሩ ከአግዳሚው መጀመሪያ ላይ ቦታ ለቀቀላቸው፣ እኔም ክንዴን ዘረጋሁ። ሁለታችንንም አልፈውን ወደ ሰልፉ ጫፍ ሄዱ።

«መጨረሻው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለ አስተማሪው፤ እኔን ሊይዝ ሲነሳ ተራው አልፎት ነበር።

ከኋላው ተቀመጡ።